በውጅግራ ጥይት የተደፈነው ራዲያተር

መፍቻዬን የሰቀልኩት ዓይኔ ስለደከመ አይደለም። ዓይኔስ ደክሟል፤ ግን በእሱ አይደለም። አንድ ቀን እዚሁ ንፋስ መውጫ አንድ የሚኒባስ ሾፌር የሚያፈስ ራዲያተር ተሸክሞ መጣ። ገልብጬ ሳየው የውሃው ቋት ፕላስቲክ ነው። «አባባ፣ ይበየዳል?» አለኝ። ፕላስቲክ አይበየድም አልኩት። እንግዲያ ይጣላ ብሎ ደጃፌ ላይ ጥሎት አዲስ ሊገዛ ሄደ። እኔም የመዳብ መበየጃዬን ጠርጌ ምስማር ላይ አንጠለጠልኩት። የሚጣል ነገር ለመጣል መካኒክ አያሻም፤ ማንም ይጥለዋል።

ከዚያ ወዲህ ቤት ስውል የሥራ ዘመንህን ጻፈው የሚለኝ በዛ። እኔ ፊደል ቆጥሬ፣ መልእክተ ዮሐንስ ላይ ደርሼ፣ ዳዊት ሳልደግም ከየኔታ ዘንድ የኮበለልኩ ሰው ነኝ። የሆሄ ስህተት መልቀም የሚወድ ይልቀም። እኔ እንደማወራው ነው የምጽፈው።

ሥራ የጀመርኩት በጃንሆይ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ በእኛ አገር መኪና እንደ በጋ ወፍ ነበር። ምድሩ ሲደርቅ ይመጣል፣ እህል ይጭናል፣ ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ሹልክ ብሎ ይወጣል። የዘገየ እንደሆነ እስከ መስከረም ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ ዶሮ ይጠለልበታል። እኔ ሚስት አግብቼ ገብስ የማርስ ሰው ነበርኩ። አንዱ በሬዬ ሞተብኝና እስክገዛ ድረስ ብዬ የአንድ ነጋዴ ከባድ መኪና ላይ ጫኝ ሆንኩ። ያን በሬ እስካሁን አልገዛሁትም።

ከጫኝነት ወደ ረዳትነት፣ ከረዳትነት ወደ መካኒክነት ወጣሁ። ወረታም፣ ባሕር ዳርም፣ ጎንደርም ሠርቻለሁ። የዘይት ጠብታ የሚቆጥር አሠሪ አይቻለሁ፤ ደሞዝ በምስጋና የሚከፍልም አይቻለሁ። ሁሉም አለፈ። ሥራ ያስተማሩኝ ግን አንድ ሰው ናቸው፤ የዚያ የከባድ መኪና ሾፌርና መካኒክ፣ ጋሽ አስረስ።

ጋሽ አስረስ የጎንደር ሰው ናቸው። መኪና ሲመጣላቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ በሬ እንደሚገዛ ሰው ዙሪያውን ይዞሩታል እንጂ መፍቻ አያነሡም። የራዲያተር ውሃ በጣታቸው ያሻሉ፣ ያሸታሉ፣ ቀምሰው ይተፋሉ። ዘይት ዘይት ካላቸው የሞተሩ ሆድ ታሟል ማለት ነው፤ ንጹሕ ውሃ ከሆነ የተቀደደው ቆዳው ብቻ ነው። ውሃ የሚያፈስ መኪና ላይ እኔ ሁልጊዜ እርጥቡን ቦታ በጣቴ ሳሳያቸው ይስቁብኝ ነበር። «እርጥቡን ሁሉም ያያል። አንተ ደረቁን እይ። ደረቁ የሚያልቅበት፣ እዚያ ነው ቀዳዳው» ይሉኛል። ሌላ ደግሞ ነበራቸው፤ የጋለ ራዲያተርና የተቆጣ ባላገር ክዳኑ አይነካም፣ እስኪበርድ ጠብቅ። ይኸን እየደጋገሙ ሲሉ ሰለቸኝ ብዬ አውቃለሁ። እንግዲህ በዚሁ ነገር የሆነውን ልንገራችሁ።

ጥር ነበር፤ ጥምቀት አልፏል። መኪናችን እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ላይ አክሰሉ ተሰብሮ ባለቤቱ ዕቃ ፍለጋ ጎንደር ሄዷል። እኔና ጋሽ አስረስ ሥራ ፈተን የሰው ሰርግ እየበላን ተቀምጠናል። አንድ ዓርብ አገሩ ሁሉ ወደ መንገዱ ወጣ። ቀይ፣ ጣራዋ ሸራ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ የሩጫ መኪና መጣች። ከከባድ መኪና ሌላ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው ያለው። አንዲት ባልቴት ዞር ዞር ብለው አዩዋትና፣ ይቺ ገና ጥጃ ናት፣ እናቷ ከኋላ ትመጣለች አሉ።

የመጣባት ታዬ ነው፤ የግራዝማች ቢያድግልኝ ልጅ፣ አዲስ አበባ በቢሮ ሥራ የሚያድር። መኪናዋን ከአንድ ፈረንጅ አሮጌዋን ነው የገዛት። እስቴ ያመጣት ለጌጥ አልነበረም። ግራዝማች በክረምቱ ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው አልዳነም፤ ይቀመጣሉ እንጂ በቅሎ ላይ አይፈናጠጡም። ሰኞ ደግሞ ደብረ ታቦር ችሎት አላቸው። ከአጎታቸው ልጅ ከባላምባራስ ውበቱ ጋር በአንድ የገብስ ማሳ፣ ከወይራው በታች በሚባለው የአያታቸው ርስት፣ ዓመታት ተካሰዋል። በዚህ ቀጠሮ ያልቀረበ ተረታ ብለዋል ዳኛው። ጎረቤት በቃሬዛ እንውሰድዎ ብሎ ነበር። ቃሬዛ የሬሳ ነው፣ በቁሜ ሬሳ ሆኜ ዳኛ ፊት አልቀርብም ብለው እንቢ አሉ። ስለዚህ ልጃቸው መኪና ይዞ መጣ።

መኪናዋ ግን ከደብረ ታቦር እስከ እስቴ እንደ ተሰነጠቀ እንስራ እያንጠባጠበች ነው የደረሰችው። በየወንዙ ውሃ እየሞላሁ መጣሁ አለን ታዬ፣ ሲጠራን። ቁልቁለት ስለሆነና ንፋስ ስለነፈሳት ነው እንጂ ሞተሩ ይነድ ነበር። መልሱ ደግሞ ዳገት ነው፤ አባቱን ጭኖ።

ጋሽ አስረስ መኪናዋን ዞሯት። ከዚያ አውድማው የት ነው አሉ። ሰው ሁሉ ገረመው። የግራዝማች አውድማ ከቤቱ ጀርባ ነው፤ ውቂያው ገና ማለቁ ነው፤ በእበት ተለቅልቆ እንደ ሰሌዳ ለስልሷል። እዚያ ላይ ገፍተን አቆምናት። እበት የደረቀበት መሬት ላይ አንዲት ጠብታ ብትወርድ እንደ ቀለም ትታያለች። ውሃውን ቀመሱ፤ ንጹሕ ነው። ሞተሩን አደረቅነው፤ ከምድጃ የተነፋ አመድ አስመጥተው ቱቦውንም፣ ፖምፓውንም፣ ራዲያተሩንም አመድ በአመድ አደረጉት። ሞተሩ ተነሣ። እኔ ሆዴ ላይ ተኝቼ ከሥር አያለሁ። አመዱ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው፤ ከታችኛው ቋት መጋጠሚያ ላይ ብቻ ጥቁር መሥመር እንደ ጉንዳን መንገድ ወጣ። ድንጋይ መትቶት ብየዳው ተሰንጥቋል።

ተበይዶ እስከ ቀትር የሚያልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የብየዳ እርሳሳችን አልቋል። እስቴ የሚሸጥ የለም። ደብረ ታቦር ሰው ቢላክ ለሰኞ አይደርስልንም።

ይኼኔ ጋሽ አስረስ ተልባ አሉ። ይኸን በከባድ መኪና ሲያደርጉት አይቻለሁ፤ ዛሬ የሚስቅ ይሳቅ እንጂ ይሠራል። የተፈጨ ጥሬ ተልባ ራዲያተር ውስጥ ሲገባ ያብጣል፣ ልጋግ ይሆናል፣ ወደ ስንጥቁ ሄዶ ይደፍነዋል። ቁንጥር ይበቃል። ለዚህች ለትንሿማ ከቁንጥርም ያነሰ።

የግራዝማች ባለቤት እሜቴ ጥሩነሽ ተልባውን በቁና አመጡ። ጋሽ አስረስ በሁለት ጣት ቆንጥረው ሲጨምሩ እሜቴ አዩና ቅር አላቸው። በእሳቸው ቤት ቁንጥር አይሰጥም። «በሞቴ፣ አንድ እፍኝ ጨምርበት» አሉ። ጋሽ አስረስ ይበቃል እሜቴ አሉ። «በሞቴ! ባሌን ይዛ የምትሄድ መኪና ከቤቴ ቁንጥር ቀምሳ ትውጣ?» አሉ። ይኸን የማያውቅ የሌላ አገር ሰው ካለ ይወቀው፤ በእኛ ዘንድ ሴትዮዋ በቤቷ በሞቴ ብላ እንቢ አይባልም። ጋሽ አስረስ እፍኝ ጨመሩ። ሁለተኛም በሞቴ ተባለ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛ እፍኝ ገባ። መኪናዋን እንደ እንግዳ አጎረስናት።

ጠብታው ቆመ። አውድማው ደረቀ። ሴቶቹ እልል አሉ።

በማግስቱ ቅዳሜ ታዬ እንሞክራት አለ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደውን ዳገት ጋሽ አስረስን ከጎኑ አስቀምጦ ወጣ፤ እኔና ሰዉ በእግራችን ተከተልን። ግማሽ ሳትደርስ ጭስ በጭስ ሆና ቆመች። የከባድ መኪና ራዲያተር ቱቦው ሰፊ ነው፤ የእሷ እንደ ገለባ የቀጠነ ነው። ተልባው ስንጥቁን ደፍኖ አላበቃም፣ መንገዱን ሁሉ ደፈነው። ሰዉ ከበበ፤ መኪናዋ ገንፎ በልታ ታመመች የሚል ቀልድ ተነሣ። ጋሽ አስረስ ወረዱ። የመጣው ሰው ሁሉ ያያቸዋል። እኔ ገና ስሮጥ ኮፈኑን ከፍተው እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ክዳኑን ያዙ። ጋሼ ይቆዩ ብዬ ጮህኩ። አልቆዩም።

የፈላ ውሃ ቢሆን ይወርዳል። የፈላ ተልባ ግን ይጣበቃል። ከቀኝ እጃቸው ላይ በጣቴ እየላጥኩ ነው ያነሳሁት።

ያን ምሽት ማር ቀብተን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልነው። እሜቴ ጥሩነሽ ደረታቸውን እየመቱ፣ እኔ ነኝ ያቃጠልኩህ ይላሉ። ጋሽ አስረስ፣ «እሜቴ፣ ተልባው አይደለም። ለሰው የነገርኩትን ለራሴ ሳልነግረው ቀረሁ» አሉ። ግራዝማች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው፣ መኪናዋን ተዉአት፣ ይሂድ መሬቱ አሉ። ቀጥለው ታዬ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከዚያ ማሳ በቀር ያለኝ ጭንጫ ነው። እሱ ከሄደ ይኸ ልጅ ከአዲስ አበባ ምን አለኝ ብሎ ይመጣል?» አሉን።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ራዲያተሩን ፈትቼ አወጣሁት። ጋሽ አስረስ እጃቸውን ታቅፈው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዝዙኛል። ገልብጠው፣ ውሃ በገባበት ሳይሆን በሚወጣበት በኩል እጠበው አሉ። ሙቅ ውሃ እየደፋሁ፣ እየናጥሁ፣ በአፌ እየነፋሁ ያን ልጋግ ስገፋው አረፈድኩ። ውሃው ኩልል ብሎ ሲወርድ ቱቦው ጸዳ፤ ስንጥቁም እንደ ዱሮው አፈሰሰ። ወደ ዓርብ ተመለስን ማለት ነው፣ አንድ እጅ አጉድለን።

በዚህ መሐል ባላምባራስ ውበቱ በበቅሎ መጡ። እሳቸውም ለሰኞው ችሎት መንገድ ጀምረዋል፤ በደጁ እያለፉ የታመመ ዘመድ ሳይጠይቁ መሄድ ነውር ስለሆነባቸው ገቡ። ውጅግራቸው፣ ያ የጥንት ጠመንጃ፣ ትከሻቸው ላይ ነው፣ ዝናራቸው ወገባቸው ላይ። እግዜር ይማርህ አሉ፤ ግራዝማችም አሜን አሉ።

«ሰኞ ትቀርባለህ?» አሉ ባላምባራስ።

«በእግሬም ቢሆን።»

«በየቱ?»

ግራዝማች ሳቃቸው አመለጣቸው። ባላምባራስ ወደ አውድማው ዞረው የተፈታውን ራዲያተር፣ የተጠቀለለውን እጅ አዩ። ምን ጎደለ ብለው ጋሽ አስረስን ጠየቁ። ጋሽ አስረስ እርሳስ አሏቸው፤ ከእርሳስ በቀር ሁሉም አለ።

ባላምባራስ አጎንብሰው ዝናራቸውን አዩ። ይኸን ለማያውቅ ልንገረው። የውጅግራ ጥይት አፉ ድፍን እርሳስ ነው። ሁላችንም ያን ጊዜ ነው ያሰብነው፤ ግን ማንም አፉን አልከፈተም፣ ምክንያቱም ያን ዝናር ለማን እንደታጠቁት አገሩ ሁሉ ያወራል።

«ይኸ ጥይት ለቢያድግልኝ የተቀመጠ ነው ይላሉ» አሉ ባላምባራስ።

«ይላሉ» አሉ ግራዝማች።

«እኔም ብዬ ይሆናል፣ ጠላ ጠጥቼ።» አንዱን መዘው በፒንሳዬ እርሳሱን ነቀሉት፤ ባሩዱን አራገፉ። ሌላም መዘዙ። «ዳኛው ባላጋራህ የት አለ ሲለኝ፣ መኪናው ውሃ አፈሰሰ ልበለው? በአፌ እረታሃለሁ እንጂ በቀዳዳ አልረታህም።»

እሜቴ ጥሩነሽ ከበሩ ላይ ሆነው፣ እሑድ ነው፣ ለብረት ሥራ እሳት አይነድበትም አሉ።

«የእሳቱን ኩነኔ ለእኔ አድርጉት» አሉ ባላምባራስ። «መሬቱን ግን አልተውለትም።»

እሳት ነደደ። ጋሽ አስረስ መበየጃውን በግራ እጃቸው አንሥተው ያዙ፤ አልሆነላቸውም። ለእኔ ሰጡኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ ዕቃ አቀባይ ነበርኩ፤ የእሳቸውን መበየጃ ይዤ አላውቅም።

ስንጥቁን በቢላዋ ነሐሱ ቢጫ ሆኖ እስኪያበራ ፋቅሁት። በሎሚ አሸሁት፣ ሞራ ቀባሁት። መበየጃው ሲግል እርሳሱን አስነካሁት፤ ቀለጠ፤ ነገር ግን እንደ ጨሌ ተንከባሎ መሬት ወደቀ። ደገምኩ፤ ተንከባለለ። «አትለምነው» አሉኝ ጋሽ አስረስ ከኋላዬ። «እርሳሱን ተወውና ነሐሱን አሙቀው። ቤቱ ሲሞቅ እንግዳው ራሱ ይገባል። ከዱሮው ብየዳ ጋር አስታርቀው፣ እሱ ነው የሚይዝልህ።» መበየጃውን መጋጠሚያው ላይ አስተኝቼ ጠበቅኩ። የፋብሪካው አሮጌ ብየዳ አንጸባረቀና ላብ አለው። ያን ጊዜ የባላምባራስን እርሳስ አስጠጋሁ፤ ወደ ስንጥቁ ሰተት ብሎ ገባ። ከዚያ ወዲህ ስንት ብየዳ በይጃለሁ፤ እንደዚያ ያለ ደስታ ግን አልመጣም፣ ይመጣል ብዬም አልዋሽም።

ሲበርድ ጋሽ አስረስ አገላብጠው አዩት። እንደ ጦር ጠባሳ አብጦ ነበር። «አስቀያሚ ነው» አሉ። «ይይዛል።» ከሳቸው አፍ የወጣልኝ ምስጋና ይኸው ነው፤ ዕድሜ ልኬን በልቼበታለሁ።

ገጥመን ውሃ ሞላን፣ አመድ ነዛን፣ ሞተሩን አስነሳን። ሰዉ ሁሉ ከበበ። ባላምባራስ ግን ለምድ ለብሰው፣ ጠመንጃቸውን ታቅፈው፣ አውድማው ላይ ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን ከራዲያተሩ ሥር ዘረጉ። ከሁላችንም ቆዩ። ከዚያ መዳፋቸውን ለግራዝማች አሳዩ። «ደረቅ ነው» አሉ። በቅሏቸው ላይ ወጥተው ሄዱ፤ መንገድ ላይ ማደር ነበረባቸው።

ሰኞ ገና ሳይነጋጋ አባትና ልጅ ተነሡ። ጋሽ አስረስ ለታዬ፣ ክዳኑን ላላ አድርገው፣ ትንፋሽ ታግኝ፤ ከዳገት በፊት አቁመህ አሳርፋት፤ ስትግል ግን ክዳኑን እንዳትነካ ብለው የታሰረ እጃቸውን አሳዩት። ከዚህ ወዲያ ያለውን የሰማሁት ከታዬ ነው። ከመጨረሻው ዳገት ሥር ባላምባራስ በበቅሎ ሲወጡ ደረሱባቸው። ግራዝማች አቁም አሉት።

«ታንጠባጥባለች?» አሉ ባላምባራስ ከበቅሎው ላይ።

«ደረቅ ናት።»

«እንግዲያ ሂድ። እኔ ሳልደርስ ግን አፍህን እንዳትከፍት።»

ግራዝማች ቀድመው ደረሱ። ችሎት ሲጠራ ግን ልጃቸውን ተደግፈው በር ላይ ቆመው፣ ባላጋራዬ እየመጣ ነው፣ በቅሎ ላይ ነው፣ አሉ። ሁለቱ አብረው ገቡ። ዳኛው ነገሩን ሰምተው ምስክር ጎድሏል ብለው ሌላ ቀጠሮ ሰጡ። ለዚያ ነው ያ ሁሉ ነገር ብሎ ታዬ ሲናደድ አባቱ፣ አልተረታሁም፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ አሉት። ታዬም በየቀጠሮው እየመጣ ያደርሳቸው ጀመር፤ እስከዚያ ድረስ አገሩን ረስቶ ነበር። ንጉሡ ወርደው የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ሁለቱ ሽማግሎች ገና ቀጠሮ ላይ ነበሩ።

የጋሽ አስረስ ሁለት ጣት ከዚያ በኋላ አልተቃናም። መበየጃውንም መልሰው አልወሰዱትም። ምስማር ላይ የሰቀልኩት እሱ ነው።

መኪናዋ ስታረጅ ታዬ የትም ጣላት። ራዲያተሩን ፈትቼ ያቺን መጋጠሚያ በመጋዝ ቆርጬ ወሰድኳት። አሁን ይኸን ስጽፍ መስኮቱ ላይ ናት፤ ነሐሱ ጠቁሯል፣ ጠባሳው እንዳበጠ ነው። ግራዝማች ሲያርፉ ባላምባራስ ያን ውጅግራ ይዘው ቀብር መጡ፤ ለክብራቸው ወደ ሰማይ ተኮሱና ሲያለቅሱ ዋሉ። ከዚያ ዝናር ለግራዝማች የደረሰው ጥይት ግን ይኸው እኔ ቤት ነው። አንድ ቀንም ውሃ አላፈሰሰም።